ኢየሩሳሌምን በቀለም ያለበሱት ስደተኛ ሸክላ ሠሪ

ኢየሩሳሌም የድንጋይ ከተማ ናት። ቅጥሯ ድንጋይ ነው፤ ጎዳናዋ ድንጋይ ነው፤ ገዳማቷና መስጊዶቿም በድንጋይ ታንጸዋል። በዚያ ነጣ ባለ ድንጋይ መካከል ግን ዓይንን የሚይዝ ሰማያዊ ቀለም አለ። የጎዳናውን ስም ይዞ በማዕዘኑ ላይ የተለጠፈ፣ የቤቱን ቁጥር ተሸክሞ በበሩ አናት ላይ የተቀመጠ፣ በምንጩ ዙሪያ አበባና ወፍ ሆኖ የተነጠፈ ጌጠኛ ሴራሚክ ነው። በፍኖተ መስቀል ተጉዞ ወደ ጎልጎታ የሚዘልቅ ተሳላሚ ሁሉ በዚህ ጥበብ አጠገብ ያልፋል። ብዙዎች ከከተማዋ ጋር አብሮ የኖረ፣ ከጥንት የወረደ ይመስላቸዋል። ጥበቡ በከተማዋ ውስጥ የተተከለው ግን በ1919 ነው። የተከሉትም ሞትን ለጥቂት ያመለጡ አንድ አርመናዊ ስደተኛ ናቸው፤ ዴቪድ ኦሃኔሲያን። በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ኦሃኔሲያን በ1884 በኦቶማን ግዛት፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው ሀገር፣ ከኤስኪሼሂር ከተማ ብዙም በማይርቅ ሙራድቻይ በተባለ ተራራማ የአርመኖች መንደር ተወለዱ። ስማቸው በአርመንኛ ታቪት ነው፤ በእኛ ዳዊት ማለት ነው። የልጅነት ዘመናቸው የድሎት አልነበረም፤ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ሠርቶ ቤተሰብን መርዳት ግድ ሆነባቸው። እንጀራ ፍለጋ የጀመሩት መንገድም ውሎ አድሮ ወደ ኩታህያ አደረሳቸው።

ኩታህያ ከሸክላ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ጎረቤቷ ኢዝኒክ የሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ጉባኤ የተደረገባት የጥንቷ ኒቅያ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማን ሱልጣኖች መስጊዶቻቸውንና ቤተ መንግሥቶቻቸውን ያስጌጡት በዋነኛነት በኢዝኒክ ሴራሚክ ነበር። የኢዝኒክ እቶኖች በጊዜ ብዛት ሲቀዘቅዙ ሙያውን ያስቀጠለችው ኩታህያ ነች። በዚያች ከተማ ሙስሊም ቱርኮችም ክርስቲያን አርመኖችም ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አብርሃም የተባለ የኩታህያ ሰው መታሰቢያ የሆነች፣ በ1510 የተሠራችና የአርመንኛ ጽሑፍ ያለባት አንዲት ማንቆርቆሪያ እስከ ዛሬ በለንደን በብሪትሽ ሙዚየም ትገኛለች። የአርመን ሸክላ ሠሪዎች በከተማዋ ምን ያህል ሥር የሰደዱ እንደ ነበሩ የምትመሰክር ዕቃ ናት።

ከኢየሩሳሌም ጋር ያለው ዝምድናም አዲስ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በ1719 አካባቢ፣ የኩታህያ አርመኖች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የሣሉባቸውን ሴራሚኮች ለኢየሩሳሌም ቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን መባ እንዲሆኑ ሠርተው ነበር። እነዚያ ሴራሚኮች በመጨረሻ ያረፉት በአርመኖች ገዳም በቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ነው፤ ዛሬም እዚያው ይታያሉ። ኦሃኔሲያን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚሄዱበትን መንገድ የቀደሙት ሸክላዎች ሄደውበታል።

የኩታህያው ሊቅ

ኦሃኔሲያን ወደ ሙያው የገቡት ጥበቡ ከረጅም ድካም በኋላ ዳግም በሚያንሰራራበት ጊዜ ነበር። የኦቶማን መንግሥት ያረጁ መስጊዶችን ያድስ፣ አዳዲስ ሕንፃዎችንም በቀደመው የሀገሩ ወግ ያሠራ ስለ ነበር የኩታህያ እቶኖች ሥራ በዛላቸው። ወጣቱ አርመናዊ የሸክላውን አፈር፣ የቀለሙን ቅመም፣ የእሳቱን ልክ ተማሩ። በ1907 አካባቢም የራሳቸውን ወርክሾፕ አቋቋሙ። ከከተማዋ ስመ ጥር ሊቃውንት ከቱርኩ መሐመድ ኤሚንና ከአርመኖቹ የሚናሲያን ወንድማማቾች ጋር አንዳንድ ጊዜ በትብብር፣ አንዳንድ ጊዜም በፉክክር ይሠሩ ነበር።

ሙያው ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ጥሩ አፈርና ተፈጭቶ የላመ ነጭ ድንጋይ ይቀላቀላል፤ ይቦካል፤ ተድጦ በልኩ ይቆረጣል፤ ደርቆም አንድ ጊዜ ይተኮሳል። ንድፉ የሚሣለው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ነው። የወረቀቱ መስመሮች በመርፌ ይበሳሉ፤ ወረቀቱ በሴራሚኩ ላይ ይነጠፍና የከሰል ዱቄት በጨርቅ ተቋጥሮ መታ መታ ይደረግበታል። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ የሥዕሉን ጥላ ይተዋል። ሠዓሊዋ ወይም ሠዓሊው በቀጭን ብሩሽ ጥላውን ተከትለው በጥቁር መስመር ያሰምራሉ፤ ከዚያም ውስጡን በቀለም ይሞላሉ። ጥልቁ ሰማያዊ ከኮባልት፣ አረንጓዴውና የባሕር መልክ ያለው ሰማያዊ ከመዳብ ይገኛል። ቀዩ ብረት ከበዛበት አፈር የሚወጣ ሲሆን ከሁሉም አስቸጋሪው እርሱ ነው፤ እሳቱ ጥቂት ካለፈ ይጠቁራል። በመጨረሻ ሁሉም መስተዋት በሚመስል ቅብ ተሸፍኖ ወደ እቶን ይመለሳል። ቅቡ ከመተኮሱ በፊት ሥዕሉን እንደ ጭጋግ ይጋርደዋል። ስለዚህ የብዙ ቀን ድካም ይመር ወይም ይበላሽ የሚታወቀው እሳቱ በርዶ እቶኑ ሲከፈት ብቻ ነው።

የኦሃኔሲያን ስም ከኩታህያ አልፎ መሰማት ሲጀምር አንድ እንግሊዛዊ መኳንንት ወደ ወርክሾፓቸው መጡ። እኒህ ሰው የምክር ቤት አባልና ተጓዥ የነበሩት ሰር ማርክ ሳይክስ ናቸው። ስሌድሜር የተባለው፣ በእንግሊዝ ዮርክሽር የሚገኘው የአባቶቻቸው ቤት በ1911 በእሳት ተቃጥሎባቸው ነበር። ቤቱን ዳግመኛ ሲያሠሩም አንዱን ክፍል እንደ ኦቶማን ቤተ መንግሥት ሊያስጌጡት ተመኙ። ኦሃኔሲያን በቁስጥንጥንያ በሚገኘው የኒ ጃሚ መስጊድ አጠገብ ያለውን የሱልጣኑን ማረፊያ መነሻ አድርገው ንድፉን አወጡ፤ ሴራሚኮቹንም በኩታህያ ሠርተው ላኩ። የቱርክ ክፍል የሚባለው ያ አዳራሽ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ተጠናቀቀ። ከገንዘቡ ይልቅ በዚያ ሥራ የተገኘው ትውውቅ በኋላ የሰውን ነፍስ የሚያተርፍ እንደሚሆን ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

የመከራው ዘመን

በ1914 ጦርነቱ ፈነዳ። በ1915 የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከየቀያቸው እየነቀለ ወደ ሶርያ በረሃ መንዳት ጀመረ። ብዙዎች በመንገድ ላይ ተገደሉ፤ ብዙዎችም በረሃብ፣ በጥምና በወረርሽኝ አለቁ። መንደሮች ባዶ ቀሩ፤ የእጅ ባለሙያዎች ከነሙያቸው ጠፉ። ዓለም ዛሬ የአርመኖች የዘር ጭፍጨፋ ብሎ የሚያስታውሰው ያ መከራ ነው።

ኩታህያ ለጊዜው ከመዓቱ ተጠልላ ቆየች። የአውራጃው ገዥ የነበሩት ፋይቅ አሊ በይ፣ በሥነ ግጥምም የታወቁ ሰው፣ የአካባቢውን አርመኖች እንዲያባርሩ የመጣላቸውን ትእዛዝ ሳይፈጽሙ ቀሩ። ከሌላ ቦታ እየተነዱ የሚያልፉ አርመኖችም በከተማዋ መጠጊያ አገኙ። በጨለማ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ የኩታህያ አርመኖች ለልጅ ልጅ የሚያወሩት ውለታ ሆነ።

ይሁንና ኦሃኔሲያን አልዳኑም። በ1916 መጀመሪያ ታሰሩ፤ ከቤተሰባቸውም ጋር ወደ ሶርያ ተጋዙ። ባለቤታቸው ቪክቶሪያ ሕፃናቶቻቸውን ይዘው በኤፍራጥስ ወንዝ ዳርቻ እስካለው እስከ መስከኔ ድረስ ተንከራተቱ። መስከኔ ከመንገዱ የተረፉት የሚሞቱባት የድንኳን ሰፈር ነበረች። ቤተሰቡ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሐለብ ለመድረስና የጦርነቱን ማብቂያ ለማየት በቃ። ወርክሾፑ፣ እቶኑ፣ የንድፍ ወረቀቶቹ ግን ከኋላ ቀርተዋል። የቀረው በእጅና በልቡና ውስጥ ያለው ሙያ ብቻ ነበር።

በ1918 መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ሐለብን ያዘ። ሰር ማርክ ሳይክስም ወደ ከተማዋ መጡ። እኒህ ሰው በጦርነቱ መካከል ከፈረንሳዩ ፍራንሷ ዦርዥ ፒኮ ጋር ተደራድረው መካከለኛው ምሥራቅን በካርታ ላይ የከፋፈለውን ስምምነት የፈረሙ ናቸው። በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ስማቸው እስከ ዛሬ በመልካም አይነሣም። ለኦሃኔሲያን ቤተሰብ ግን የዕድል በር የከፈቱት እርሳቸው ሆኑ። የቤታቸውን ግድግዳ ያስጌጡላቸውን ባለሙያ በስደተኞች መካከል ሲያገኟቸው፣ በኢየሩሳሌም ለሸክላ ሊቅ የሚሆን ታላቅ ሥራ መኖሩን ያውቁ ነበርና ወደዚያው ላኳቸው። ሳይክስ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1919፣ በዘመኑ ዓለምን ባዳረሰው የኅዳር በሽታ በፓሪስ ሞቱ። የላኩት ሰው የደረሰበትን ሳያዩ ቀሩ።

የዓለቱ ጉልላት ጥሪ

በኢየሩሳሌም ይጠብቅ የነበረው ሥራ የዓለቱ ጉልላት የሚባለው ቅዱስ ሕንፃ እድሳት ነበር። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታነጸው ይህ የእስልምና ታላቅ መታሰቢያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሱልጣን ሱለይማን ዘመን የውጭ ግድግዳው በሴራሚክ ተሸፈነ። ዝናብ፣ ነፋስና ፀሐይ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሲፈራረቁበት ሴራሚኩ ይሰነጠቅና ይረግፍ ጀመር። እንግሊዞች ከተማዋን በታኅሣሥ 1917 ሲይዙ ወታደራዊ ገዥ የሆኑት ሮናልድ ስቶርስ ለጉዳዩ ትኩረት ሰጡ፤ የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ኧርነስት ሪችመንድም ሕንፃውን እንዲመረምሩ ተጠሩ።

በ1918 ስቶርስ የኢየሩሳሌም ወዳጆች ማኅበርን መሠረቱ። በማኅበሩ የከተማዋ ከንቲባ፣ የሙስሊሞች ሙፍቲ፣ የክርስቲያን አብያተ ክርስቲያናትና የአይሁድ መሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የእጅ ሙያን ከፋብሪካ ምርት ለማዳን ዕድሜያቸውን የሰጡት እንግሊዛዊው ቻርልስ ሮበርት አሽቢም የማኅበሩ አማካሪ ሆኑ። ከተማዋ በቆርቆሮና በርካሽ ቁስ እንዳትበላሽ፣ የቀደመ ሙያዋ እንዲያንሰራራ መትጋት የማኅበሩ ዓላማ ነበር። ኦሃኔሲያን የደረሱት እንዲህ ያለ አሳብ በሚብላላበት ሰዓት ነው።

ሥራው ግን ለአንድ ሰው የሚቻል አልነበረም። በኢየሩሳሌም እንዲህ ያለ ሴራሚክ የሚሠራ ባለሙያ አልነበረም፤ ቅመሙም በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ ኦሃኔሲያን በ1919 ወደ ኩታህያ ተመለሱ። ከሦስት ዓመት በፊት እስረኛ ሆነው በወጡባት ከተማ ከሞት የተረፉ የሙያ ጓደኞቻቸውን ፈለጉ። ጥቂት ቤተሰቦችን አሰባስበውም ወደ ኢየሩሳሌም ይዘው ተመለሱ። ከእነርሱ መካከል ሸክላ በመሽከርከሪያ ላይ በማውጣት የተካኑት ንሻን ባሊያንና ብሩሽ በመያዝ የታወቁት ምግርዲች ካራካሺያን ይገኙበታል። ያ ጉዞ ሙያውን ከመጥፋት አዳነ ማለት ይቻላል፤ በ1922 የኩታህያ አርመኖች ከተማቸውን ለቀው በየሀገሩ ተበትነዋልና።

የኦሃኔሲያን ወርክሾፕ በጥንታዊቷ ከተማ ውስጥ፣ በፍኖተ መስቀል፣ ሥራ ጀመረ። ስያሜውም የዓለቱ ጉልላት ሴራሚክ ሆነ። የስሙ ታሪክ ግን አሳዛኝ ምፀት አለው። የሙከራ ሴራሚኮች ተሠርተው ቀረቡ፤ ንድፉም ተጠና፤ ሆኖም ታላቁ እድሳት በታሰበው መልክ አልተፈጸመም። ገንዘብ አነሰ፤ የከተማዋ ፖለቲካም ተለወጠ። የቅዱሱ ስፍራ አስተዳደር ወደ ከፍተኛው የእስልምና ምክር ቤት ሲዛወር ምክር ቤቱ ለሥራው የራሱን ባለሙያዎች መረጠ። ኦሃኔሲያን የተጠሩለት ሥራ ከእጃቸው ወጣ፤ ስሙ ብቻ በወርክሾፑ በር ላይ ቀረ።

ከተማ ሙሉ ሥራ

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ዕቃውን ጠቅልሎ በሄደ ነበር። ኦሃኔሲያን ግን ያጡትን አንድ ሕንፃ በከተማ ተኩት። ማኅበሩ ለጎዳናዎች ስም ሲያወጣ ስሙ የሚጻፍበት ሴራሚክ ከእርሳቸው ታዘዘ። በአሜሪካን ኮሎኒ ሆቴል፣ በስኮትላንዳውያኑ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን፣ በእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር መኖሪያ፣ ቆይቶም በሮክፌለር ሙዚየም ቅጥር ግቢ ባለው የምንጭ ስፍራ ሥራቸው ተተከለ። ሕንፃዎቹ የልዩ ልዩ ሃይማኖትና ሕዝብ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ግን የአንድ ወርክሾፕ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ነው። ከቤት ግድግዳ ሌላ ሳህን፣ ገንቦና ፍንጃልም ይሠሩ ነበር። ተሳላሚዎችና ተጓዦች እየገዙ ወደየሀገራቸው ስለወሰዷቸው ዕቃዎቹ የኢየሩሳሌም መታሰቢያ ሆኑ።

ሥዕሉም ከአዲሲቱ ሀገር ጋር ተለማመደ። ከኩታህያ ይዘው የመጡት የጽጌረዳና የቱሊፕ አበባ፣ የጥድ ዛፍና የወይን ሐረግ ነበር። በኢየሩሳሌም ደግሞ ከደማስቆ በር አቅራቢያ በ1894 የተገኘው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአርመኖች የወፎች ሞዛይክ ለወርክሾፖቹ አዲስ የንድፍ ምንጭ ሆነ። ወይን የሚለቅሙት፣ በሐረግ መካከል የተቀመጡት እነዚያ ወፎች ከወለሉ ተነሥተው በሳህንና በሴራሚክ ላይ አረፉ። በኢያሪኮ አጠገብ ከፈረሰው የኡመያዶች ቤተ መንግሥት የተገኘው፣ በዛፍ ሥር የሚግጡ ሚዳቋዎችን የሚያሳየው ሞዛይክም እንዲሁ በኋለኛው ዘመን የኢየሩሳሌም ሸክላ መለያ ሆነ። በዚህ ሁኔታ የስደተኞቹ ጥበብ የኩታህያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኢየሩሳሌም ሆነ።

ወርክሾፑ ከሥራ ቦታነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። በእነዚያ ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ አርመን ስደተኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወላጅ አልባ ሕፃናት፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይጎርፉ ነበር። የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም በሩን ከፍቶ ተቀበላቸው። ኦሃኔሲያንም ከእነዚህ ወጣቶች መካከል በወርክሾፓቸው ሙያ ያስተማሯቸው ነበሩ። ወላጆቹን በበረሃ ያጣ ልጅ በብሩሽና በሸክላ ራሱን የሚያስተዳድርበት ዕድል አገኘ።

ይህ ዘመን ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋርም ይገናኛል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ በአርመኖች ገዳም የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱ ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው ነበር። ከገዳሙ ጋር ተስማምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች በሚል ስም የታወቁት እነዚህ ወጣቶች በሀገራችን የዘመናዊ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዘመነ መንግሥቱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከአንድ መከራ የወጡ ሕፃናት ከፊሉ በኢየሩሳሌም ብሩሽ ያዙ፤ ከፊሉ በአዲስ አበባ መለከት ነፉ።

መለያየትና መባዛት

የአንድ ሊቅ ቤት ሁልጊዜ ደቀ መዛሙርቱን ሁሉ አይዝም። በ1922 ባሊያንና ካራካሺያን ከኦሃኔሲያን ተለይተው ከከተማዋ ቅጥር ውጭ፣ በናብሉስ መንገድ፣ የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። ንሻን ባሊያን ሸክላውን ያወጣሉ፤ ምግርዲች ካራካሺያን ይሥላሉ። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አልነበረም። ለኦሃኔሲያን ከኩታህያ ድረስ ሄደው ያመጧቸውን ባለሙያዎች ማጣት ቀላል አልነበረም፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ ውስጥም ተፎካካሪ ተነሣባቸው። ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ግን ያ መለያየት ለሙያው ዋስትና ሆነ። አንዱ ቤት ሲዘጋ ሌላው እሳቱን ጠብቆ አቆይቷልና።

የኦሃኔሲያን ቤት የተዘጋው በ1948 ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር ሊያበቃ ሲል በኢየሩሳሌም ጦርነት ነገሠ። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች፤ ሱቆች ተዘጉ፤ ሰዎች ተሰደዱ። ኦሃኔሲያን ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ዳግመኛ ስደተኛ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት ያህል የደከሙበትን ወርክሾፕ ትተው ወጡ። የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በቤይሩት ነው፤ በ1953ም በዚያው አረፉ። በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ሁሉን አጥተዋል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ከባዶ ለመነሣት ጉልበት ነበራቸው፣ በሁለተኛው ግን ዕድሜው አልፈቀደም።

የዓለቱ ጉልላትም ከእርሳቸው ሞት በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተደረገ ሰፊ እድሳት ብዙ የቀድሞ ሴራሚኮቹ ተነሥተው በአዲስ ተተኩ። ኦሃኔሲያን በሐለብ ሳሉ የተጠሩለት ሥራ በሌሎች እጅ፣ በሌላ ዘመን ተፈጸመ።

የቤተሰብ ሙያ፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ

በናብሉስ መንገድ ያለው ወርክሾፕ ጦርነቱን ተሻግሮ ቆመ። ባሊያንና ካራካሺያን ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። ካራካሺያን በ1963፣ ባሊያን በ1964 ሲያርፉ ልጆቻቸው በስምምነት ተለያዩ። የካራካሺያን ልጆች በጥንታዊቷ ከተማ ውስጥ በፍኖተ መስቀል የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ የባሊያን ቤተሰብ በነባሩ ስፍራ ቀጠለ። ስለዚህ ከአንድ ጉዞ የተነሣው ሙያ ከሁለት ቤት በላይ ሆኖ ተባዛ።

ቤተሰቡ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ አላስተላለፈም። በፈረንሳይ ማርሴይ የተወለዱት ማሪ ባሊያን በ1950ዎቹ የንሻንን ልጅ አግብተው ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። በሥነ ጥበብ የተማሩ ነበሩና ንድፉን ከትንሹ ሳህን አውጥተው በብዙ ሴራሚኮች በሚገጣጠም ሰፊ የግድግዳ ሥዕል አሰፉት። የገነት ዛፎች፣ ወፎችና ሚዳቋዎች በእጃቸው አዲስ ሕይወት አገኙ። በ1992 ሥራቸው በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ለዕይታ ቀረበ፤ እርሳቸው በ2017 አረፉ። በወርክሾፑ ሴቶች በብሩሽ ሥራ የያዙት ስፍራም የሙያው አንዱ ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል።

በ2019 ሸክላ ሠሪዎቹ ከኩታህያ የመጡበት መቶኛ ዓመት ሞላ። በ2022 ደግሞ በባሊያንና በካራካሺያን የተመሠረተው ወርክሾፕ መቶ ዓመት ደፈነ። በዚያ መቶ ዓመት ከተማዋ የእንግሊዝን፣ የዮርዳኖስንና የእስራኤልን አስተዳደር አይታለች። የጎዳናዎቹ ሴራሚኮች ራሳቸው ይህን ለውጥ ተሸክመዋል። በዮርዳኖስ ዘመን በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉት አንዳንዶቹ ከ1967 በኋላ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለበት ተጨማሪ ሴራሚክ ከላያቸው ተደርቦባቸዋል። በቅርበት ለሚመለከት ሰው መጋጠሚያው ይታያል። መንግሥት ሲለዋወጥ ሸክላ ሠሪው ግን ያው ነው፤ ለሁሉም የጎዳናውን ስም ይጽፋል።

ዛሬ ሙያውን የሚፈትነው ጦርነት ብቻ አይደለም። ሥዕሉ በማሽን የታተመበት ርካሽ ዕቃ በየሱቁ ተደርድሯል፤ በእጅ የተሣለውን ከታተመው የሚለይ ገዢ ጥቂት ነው። የተሳላሚና የጎብኚ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የወርክሾፖቹ ገቢ ይነጥፋል። የአርመኖቹ ማኅበረሰብ ራሱ ከዓመት ወደ ዓመት ቁጥሩ እየሳሳ ነው። ለወጣቱ ትውልድ ደግሞ በጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ቀኑን ሙሉ ቀጭን መስመር ከማስመር ይልቅ ሌላ የሥራ መስክ ይቀርበዋል። ሙያው በቤተሰብ እጅ መኖሩ እስከ ዛሬ አድኖታል፤ ያው ነገር ድክመቱም ነው፤ የሚረከብ ልጅ ከጠፋ እቶኑ ይቀዘቅዛልና።

የኦሃኔሲያን ስም ለብዙ ዓመታት ከሥራቸው ተለይቶ ቆይቷል። ሰዎች ሴራሚኩን ያደንቃሉ፤ የሠሪውን ስም ግን አያውቁም ነበር። የልጅ ልጃቸው፣ በአሜሪካ የዋሽንት ተጫዋች የሆኑት ሳቶ ሙጋሊያን፣ ከቤተ መዛግብትና ከቤተሰብ ትዝታ አሰባስበው በ2019 የአያታቸውን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ሸክላ ሠሪው ከኩታህያ እስከ ቤይሩት የተጓዙት መንገድ ሙሉ ሆኖ የተነገረው በዚያን ጊዜ ነው።

ኦሃኔሲያን የተጠሩለትን ሕንፃ አላደሱም፤ ያቋቋሙት ወርክሾፕ ለልጆቻቸው አልተላለፈም፤ በተወለዱበት ሀገርም በኢየሩሳሌምም መቃብር አላገኙም። ይሁን እንጂ ከሞት መንጋጋ ያወጡት ሙያ ከእርሳቸው ተለይተው በሄዱ ሰዎች እጅ፣ በእነዚያም ልጆችና የልጅ ልጆች እጅ መቶ ዓመት ተሻግሯል። በኢየሩሳሌም ጎዳና የሚሄድ መንገደኛ አቅጣጫው ሲጠፋበት ቀና ብሎ የሚያነበው ስም ዛሬም የተጻፈው እርሳቸው በተከሉት ጥበብ ነው።